ታኮ

አያቴ ሙሄ የአንድ ኤንትሬ ግማሽ ነበረው፤
የቀረው ግማሽ የአቶ ሰይድ አደም ነው።
ሞተሩ ሲያቃስት "ያንተ ነው" ይላል አንዱ፣
ጎማው ሲተነፍስ "ያንተ" ይላል ጓዱ፤
ጨው ጭኖ ከአሰብ ሲገባ ግን፣ በማታ፣
"የኛ" ይሉታል ሁለቱም ባንድ አፍታ።

እኔ አልደረስኩበትም። በወሬ ነው የማውቀው።
አክስቴ ቀይ ነበር ትላለች፣ አባቴ ብርቱካን፤
በዚሁ ተኳርፈው አንድ አረፋ ሳይጠያየቁ አልፏል።
አንድ ነገር ላይ ግን ይስማማሉ፦
ሐረጎን ሲወጣ የሰው እርምጃ አይቀድምም፣
ረዳቱ ወርዶ ከጎኑ በእግሩ ይሄዳል፣
ብብቱ ውስጥ ታኮ።
የወይራ ነው፣ ሦስት ማዕዘን፣ የሕፃን ራስ የሚያህል።
ማርሹ ሲከዳ፣ መኪናው ወደ ኋላ ሲል፣
ሮጦ ከጎማው ስር ይወሽቀዋል፤
አንድ ቁራጭ እንጨት ያን ሁሉ ጨው ይይዛል።
ረዳቱ አባቴ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቱ።

ከዚያ መኪናው ዘመተ።
ሰው አይደለም፣ መኪናው።
አንድ ሰኞ፣ ገበያው ሳይበተን፣ ወታደር መጣ፤
ቁጥሩን ጻፈ፣ ደረሰኝ ቆርጦ ሰጠ።
አቶ ሰይድ ወረቀቱን ወሰደ፣ አያቴ ታኮውን፤
"ሲመለስ በምን ሊያቆሙት ነው?" አለ።
አልተመለሰም።
ታኮው አልጋ ስር አሥራ ሰባት ዓመት ጠበቀ።

የአባቴ ደግሞ ፔጆ ነበረች፣
ደሴ ኮምቦልቻ ስትመላለስ ያረጀች።
ባትሪዋ ለስም ነው፤ ስለዚህ ከደጃችን
አፍንጫዋን ቁልቁል ደፍታ ነው የምታድር፣
ያ ወይራ ከፊት ጎማዋ ስር።
ጠዋት የምነቅለው እኔ ነኝ።
"ሐያት!" ይላል በመስኮት፤
ስቤ ወደ ጎን እዘላለሁ፤
ትንሸራተታለች፣ ታስላለች፣ ትተኩሳለች፣
ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል ነፍስ ትዘራለች፤
እኔ ደብተሬን አቅፌ ከኋላ፣ ጋቢና እንዳልቀደም።

የጋቢናው ወለል ጡጫ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው።
ሐረጎን የማውቀው በሱ በኩል ነው፤
ገደሉን ሳይሆን አስፋልቱን፣
ነጩ መስመር ሲሮጥ፣ ሲቆረጥ፣ ሲሮጥ፣
ክረምት ሲሆን ጭቃው ዩኒፎርሜ ላይ ሲረጭ።
እናቴ ሉባባ፣
ግማሽ ሳቅ ግማሽ እንባ፣
"ከኔ ጎን ከተኛኸው ከሷ ስር የተኛኸው ይበልጣል" ትለዋለች።
መልስ የለውም፤ ከመኪናዋ ስር ሁለት እግር ብቻ፤
"መፍቻ" ይላል፤ "አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ።"

ፔጆዋ በኪሎ ተሸጠች።
ወንድሜ ኑረዲን ባጃጅ ገዛ፤ ከኋላዋ ጻፈባት፦
"ቀስ በል፣ ሉባባ ታያለች።"
በዚያ ጥቅምት፣ ከተማው ባንድ ሌሊት ቁልቁል ሲፈስ፣
ሰባት ሆነን ተጠቀጠቅንባት።
እናቴ ቁርኣኗን፣ አክስቴ ራዲዮዋን፣ አባቴ ታኮውን።
"ባጃጅ እኮ ናት! ምን ሊያደርግልን?" አለ ወንድሜ።
አባቴ ዝም። ጭኑ ላይ አስቀምጦ እስከ ኮምቦልቻ፣
ከዚያም ወዲያ፣ ነዳጁ ሲያልቅ፣ በእግር።

አሁን እኔ ቪትዝ አለችኝ፣ የባንክ ዕዳ ያለባት፣
የእጅ ፍሬኗ የሚይዝ፣ ወለሏ ድፍን።
የጦሳ ብርድ ጉልበቱን ሲይዘው
ኮምቦልቻ ፀሐይ ላሞቀው አወርደዋለሁ።
ቀበቶውን አያምነውም፤
በየጥምዝምዙ ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል።
እዚያ ፍሬን የለም።
"ማርሽ ቀንሺ! ቁልቁለት በፍሬን አይወረድም።"
"አውቶማቲክ ናት እኮ፣ አባ።"
"እሷ ትሁን። ሐረጎ አይደለም።"

አወርደዋለሁ አልኩ፤ አወርደው ነበር።
ስድስት ወር ሆነው።
ትናንት ሙጋድ መኪናዋን ያጠበልኝ ልጅ
"የጋቢናው ምንጣፍ አልቋል፣ ይቀየር?" አለኝ።
አየሁት፤ በቀኝ በኩል፣ የጫማ ፊት ያህል፣
ክሩ ተቆጥሮ የሚያልቅ ስስ።
"ተወው" አልኩት።

ማታ ከደጄ አቆምኳት። ሜዳ ነው።
የእጅ ፍሬኑም ይዟል።
ታኮውን ግን ወሸቅኩ።